ስለ ቡላ ያልተናገርኩት

ልጄ ሰናይት ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስታይ ቆየችና ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ምንድን ነው ብላት፣ «እማዬ፣ ያንቺን ሥራ ሕግ አደረጉት» አለችኝ። ባሕር ማዶ አንድ አገር ነው አሉ። ባለቤት ያጡ ውሾችና ድመቶች የሚጠለሉበት ቤት፣ እንስሳውን ለሚወስደው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። ነክሶ ያውቃል ወይ፣ ታሞ ያውቃል ወይ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ለምን ተወው፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሰጣል። ደብቆ የተገኘ ይቀጣል።

እኔ አልሳቅኩም፤ እንዲያውም ትንሽ ተናደድኩ። «እኛ ጉለሌ ላይ ይኼን በአንዲት ገጽ ወረቀት ጨርሰነው ነበር፤ ያውም በደርግ ጊዜ» አልኳት። «ማን ነው ያወጣው?» ስትለኝ ግን ቡና ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ያቺ ወረቀት የወጣችው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን ለገዛ ልጄ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፣ አሁን ማንን እፈራለሁ ብዬ በማግስቱ ደብተር ገዛሁ።

ሥራ ስጀምር ከውሻ ጋር አልነበረም የጀመርኩት። መዝገብ ቤት ተቀምጬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግብ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኛል፣ አሁንም ያምራል። አብዮቱ ፈነዳና አለቆች ተቀያየሩ። አዲሱ አለቃችን የራሱን ሰው ማስገባት ፈልጎ ይሁን ፊቴ አላምረው ብሎ ይሁን እንጃ፣ አንድ ጧት የዝውውር ደብዳቤ ሰጠኝ። «ወደ ውሻ ማቆያ ክፍል» ይላል። ደመወዙ ያው ነው። የሥራ ጓደኞቼ ግን ሰው የሞተብኝ ይመስል እጄን እየያዙ አጽናኑኝ።

እናቴ ደግሞ አለቀሰች። ቤታችን ቁስቋም ሥር ነው፤ እናቴ ኪዳን የማያመልጣት ሴት ነበረች። ውሻ የነካች ልጅ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትገባለች ብላ ተጨንቃ ለነፍስ አባታችን ነገረቻቸው። አባም ጉዳዩን በጥሞና ሰሙና፣ «መታጠብ ነው፤ ለመሆኑ እዚያ ጥሩ ጠባቂ ውሻ ይገኝ ይሆን?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ኮስተር ብላ ነበር፤ በኋላ አብረን ሳቅን።

ማቆያው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባሕር ዛፍ ሥር፣ በሽቦና በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ሁለት ዓይነት ውሻ ይመጣል። አንደኛው ሰው የነከሰ ነው፤ አብዶ እንደሆነ እንዲታወቅ አሥር ቀን ይጠበቃል። አሥሩን ቀን በጤና ከቆየ የተነከሰው ሰው መርፌው ይቆምለታል። ውሻው ከሞተ ደግሞ መርፌው ይቀጥላል። መርፌው በሆድ ላይ ነው የሚወጋው፤ የዚያን ጊዜ ሰው ስሙ ሲነሳ ሆዱን በእጁ ይይዛል። ሁለተኛው ዓይነት ባለቤት ያጣ ነው። በእነዚያ ዓመታት የነዚህ ብዛት አይወራ። ፈረንጆቹ እየሸጡ ሄዱ፣ ትልልቁ ቤት ተወረሰ፣ ስንቱ በር ታሸገ። ውሻው በታሸገ በር ላይ ተኝቶ ይገኛል። እዚህ ይመጣና ፈላጊ ካለው ይሰጣል፤ ፈላጊ ካጣ ቀኑ ሲሞላ ይወገዳል። ቃሉ እንዲያ ነበር፣ ይወገዳል።

እዚያ ነው ጋሽ ቢራቱን ያገኘሁት። የጉለሌ ተወላጅ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ሁልጊዜ ጎማ ቦት ጫማ የሚያደርጉ፣ ለሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለውሻ ግን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሰው። በመጀመሪያው ቀን የተናገሩኝን አልረሳውም። «እቴነሽ ማለት አንቺ ነሽ? ጽሕፈትሽ ያምራል አሉ። ጥሩ። እኔ የማውቀው ብዙ ነው፣ እጄ ግን አይጽፍም።»

አዲስ ውሻ ሲመጣ ጋሽ ቢራቱ ዓይኑን አያዩትም። ምሳቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጡና ይበላሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ውሻው ራሱ መጥቶ በሽቦው መሃል ጀርባቸውን ያሸታል። ያኔ ዞር ሳይሉ በስሙ ይጠሩታል። ስም መቀየር አይወዱም ነበር፤ ቤቱን ያጣ ፍጡር ስሙንም ይጣ እንዴ ይላሉ። የሰፈራችን ሰው ደግሞ ለጎረቤት መልእክት በውሻ ስም መላክ ይወዳል፤ «ምን ቸገረሽ» የሚባል ውሻ ነበረን፣ «እስቲ ይዩት» የሚባልም ነበር። ጋሽ ቢራቱ «ምን ቸገረሽ፣ ና እስቲ» ሲሉ ሰምቶ የማይስቅ አልነበረም።

ዋናው ሙያቸው ግን ሰው መጠየቅ ነበር። ውሻውን ሊሰጥ የመጣ ሰው ይነክሳል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ «በጭራሽ» ነው የሚለው። ስለዚህ እሳቸው እንደዚያ ብለው አይጠይቁም። «እንግዳ ሲመጣ ማነው የሚይዘው?» ይላሉ። ሰውዬው ሳያስበው፣ «እኔ ከሌለሁ ማንም አይችለውም» ይላል። «አጥንቱን ስትወስዱበት ምን ያደርጋል? ልጆች ሲሮጡ ጆሮው ወዴት ነው? መጥረጊያ ያነሳ ሰው ሲያይስ?» እኔ ከጎን ሆኜ እጽፋለሁ። ወሳጅ ሲመጣ ደግሞ አግዳሚው ላይ አስቀምጠው የጻፍኩትን ያስነብቡኛል። «ደጉን ራሳችሁ ታዩታላችሁ፤ ክፉውን እኔ ልንገራችሁ» ይሉና፣ ሲጨርሱ ሰውዬው የሰማውን መልሶ እንዲነግራቸው ያደርጋሉ። ያላስታወሰ ገመዱን አይቀበልም። ይህን ያዘዛቸው አልነበረም፤ በቃ፣ የራሳቸው ሥርዓት ነበር።

አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዡን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲገባ ትልቅ ጥቁር ውሻ ትቶልን ሄደ። ውሻው አማርኛ አይሰማም። ጋሽ ቢራቱ ጣሊያኑን ግማሽ ቀን አስቀምጠው ቃሉን አንድ በአንድ አስጻፉኝ። ቪየኒ ሲሉት ይመጣል፣ ሴዱቶ ሲሉት ይቀመጣል፣ ፌርሞ ሲሉት ይቆማል። የወሰዱት ሸጎሌ በግ የሚነግዱ አንዲት ባልቴት ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ሴዱቶ፣ ሴዱቶ» እያሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደዱት። በኋላ ሰው እንደነገረን፣ ውሻው ብቻ ሳይሆን በጎቹም ጣሊያንኛ ለምደዋል።

ሌላዋ የዕድር ጡሩምባ በሰማች ቁጥር የምታላዝን ነጭ ውሻ ናት። ጎረቤት ሞት ጠራች ብሎ አላስቀምጥ ስላላቸው ነው ባለቤቶቿ ያመጧት። ጋሽ ቢራቱ ይህን ለመጣው ሁሉ ይናገራሉ፣ የመጣው ሁሉ ያማትብና ይሄዳል። እኔ «ጋሼ፣ ምናለ ይቺን ብቻ ቢተዉአት፣ ሰው አይወስዳትም እኮ» ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ቀኗ ሊሞላ ሲል አንድ ሰውዬ መጣ፣ ነገሩን ሰማ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ለካ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። «ለካስ ረዳት ኖራኛለች» ብሎ ወሰዳት። ጋሽ ቢራቱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት አየሁት። ያን ቀን ተምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

የበላይ አለቃችን ዶክተር ምናሴ ይባላሉ። ደግ ሐኪም፣ ወረቀት ወዳድ፣ ትንሽ ፈሪ። ማን ያልፈራ ነበር ደግሞ።

ቡላን ያመጣችው አንዲት ቤት ሠራተኛ ናት። ቡላ መልኩም ቡላ ነው፤ ወገቡ ረዘም ያለ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ሲያዩት ወዲያው የሚወዱት ዓይነት ውሻ። ሴትዮዋ ገመዱን አልለቅ ብላ ታለቅሳለች። ጋሽ ቢራቱ አስቀመጧትና ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ስለ እንግዳ ሲጠይቋት፣ «ሰው ይወዳል፣ ልጅ ይወዳል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካኪ የለበሰ ሰው ብቻ አያሳዩት። ጌታዬን ሊወስዱ የመጡ ቀን በር ላይ ቢቆምባቸው አንዱ በሰደፍ ጎኑን መታው። ከዚያ ወዲያ ያንን ልብስ ካየ ያብዳል።»

እኔ እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ጋሽ ቢራቱ «ጻፊው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ጽፌ ማነው የሚፈርመው? ውሻው አብዮቱን ይነክሳል ብዬ ልጻፍ?»

ዞር ብለው በሩን አዩ። እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። «እንግዲያው በቃል ትነግሪያቸዋለሽ። ያልተጻፈም ቢሆን ይነገራል» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። በወረቀቱ ላይ «ጠባዩ ሰላማዊ፣ ሰው አይነክስም» ብዬ ባማረው ጽሕፈቴ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወታደር ለአንድ ጉዳይ መጥቶ በግቢው ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። ቡላ ሽቦው ላይ ተወርውሮ፣ አፍንጫው እስኪደማ ድረስ አልበርድ አለ። ወታደሩ ሳቀና ሄደ። ስለዚህ አልሰማሁም፣ አላየሁም ማለት አልችልም።

ፈላጊ ሳይመጣ ቀኑ ደረሰ። ነገ ይወገዳል በተባለበት ዋዜማ ጋሽ ቢራቱ ለቅሶ ሄደው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ አቶ አንጁሎ የሚባሉ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከልጃቸው ከታደለ ጋር መጡ። ሽማግሌው ዝምተኛ ናቸው፤ ታደለ ግን ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሳቂታ፣ እሱም በአባቱ የፈትል መደወሪያ ሥር ያደገ ሸማኔ። ገና በሩን እንዳለፈ ቡላ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። ቡላ ፊቱን ላሰው።

አቶ አንጁሎ፣ «ልጄ፣ ጠባዩ እንዴት ነው?» አሉኝ።

አግዳሚው እዚያው ነበር። ላስቀምጣቸው እችል ነበር። ሁለት ነገር አሰብኩ። ብናገር፣ እኒህ ሰው ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ቃሌ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ደግሞም ብናገር ትተውት ይሄዳሉ፣ ቡላ ነገ ይሞታል። እንዲህ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። «በጣም ሰላማዊ ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ታደለ ቡላን እየሳበ ሳይሆን ቡላ ታደለን እየሳበ ወጡ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጋሽ ቢራቱ «ነገርሻቸው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። በአንድ ቀትር የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ከነመሣሪያው፣ ከኋላው አቶ አንጁሎ፣ ከዚያ ክንዱ በሻሽ የተጠቀለለ ታደለ መጡ። ቡላ በጆንያ ተቋጥሮ በጋሪ ላይ ተጭኗል። ታደለን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። ካኪ ለብሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታደለ አብዮት ጥበቃ ገባ። የደንብ ልብሱንና ጠመንጃውን በተቀበለበት ቀን ለእናቱ ሊያሳይ ወደ ቤቱ ሄደ። ቡላ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሩ ሥር የተኛው ቡላ፣ በር ላይ ክንዱን ዘነጠለው።

ኃላፊው እዚሁ ልምታው አለ። ጋሽ ቢራቱ በመሃል ገቡ። «ጓድ፣ ውሻው ከሞተ ያበደ ይሁን አይሁን በምን እናውቃለን? ልጁ መርፌውን በሙሉ ሊወጋ ነው። አሥር ቀን ይሰጠኝ።» ኃላፊው ወረቀቱን ከአቶ አንጁሎ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ጠባዩ ሰላማዊ፣ ሰው አይነክስም።» ከዚያ ታደለን አየውና፣ «እንግዲህ ሰላማዊ የነበረ ውሻ ያለምክንያት ከነከሰ አብዷል ማለት ነው» አለ። የእኔን ጽሕፈት ማስረጃ አድርጎ ነው ይህን ያለው። የታደለ ፊት አመድ መሰለ። በአገራችን እብድ ውሻ የነከሰው ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ የማይሰማ ልጅ የለም።

ሲሄዱ ጋሽ ቢራቱ፣ «አልነገርሻቸውም» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አልነገርኳቸውም ጋሼ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከነቦት ጫማቸው ጓዳ ገብተው የውሾቹን ሳህን ማጠብ ጀመሩ፣ አጥበው የጨረሱትን እንደገና ያጥባሉ። ለብዙ ቀን ከሥራ ውጭ አላናገሩኝም።

መርፌውም የሚሰጠው እዚያው ግቢያችን ነው፤ ታደለ በየጧቱ ይመጣል። ካኪው ደም ነክቶትና ተቀድዶ ስለነበር በሸሚዝ ነው የሚመጣው። ተወግቶ ሲወጣ ሆዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ አጥሩ ዘንድ ይቀመጣል። ቡላ ይመጣል። ጅራቱን ይወዛውዛል፣ በሽቦው መሃል ጣቱን ይልሳል። ታደለ ግራ ገብቶት ያየዋል። አንድ ቀን፣ «እትዬ እቴነሽ፣ እብድ ውሻ እንዲህ ያደርጋል?» አለኝ። «እንጃ» ብዬ ወደ ቢሮ ገባሁ። እንጃ አልኩት እኮ። በዚህች ቃል እስካሁን አፍራለሁ።

እሁድ ቁስቋም ሳስቀድስ እናቱን አየኋቸው። ወይዘሮ አማረች ይባላሉ፤ ሰው ነው ያሳየኝ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠዋል። ማቆያው ውስጥ እንደምሠራ ሰምተው ኖሮ እጄን ያዙኝ።  «ልጄ፣ እህል ከበላሁ አራት ቀኔ። ታደለ ውሃ ስሰጠው ሲጠጣ አየዋለሁ። ያበደ ሰው ውሃ ይፈራል አሉኝ። እያንዳንዷን ጉንጭ እቆጥራለሁ። ይተርፍልኛል?»

ያን ሌሊት ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም። ሰኞ ጧት ታደለ ተወግቶ ሲወጣ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት።

«ቡላ ያበደ አይመስለኝም» አልኩት። «አንተን አይደለም የነከሰው። ልብስህን ነው።»

አልገባውም። ነገርኩት። ሰደፉን፣ በሩን፣ ወታደሩ ሲያልፍ ያየሁትን፣ ሁሉንም። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ፤ ሳቂታው ልጅ ሄዶ የቀበሌው ሰው መጣ።

«የማን ቤት ውሻ ነው?» አለኝ።

«ስለ ውሻው የማውቀውን አንድ ሳይቀር እነግርሃለሁ። ስለ ሰዎቹ አትጠይቀኝ።»

ተነስቶ አጥሩ ዘንድ ሄደ። ከዚያ እጁን በሽቦው መሃል አስገብቶ የቡላን ጎን ዳበሰ። ተሰብሮ የገጠመ አጥንት እዚያ አለ፤ ጣቱ ሲያገኘው ቆመ።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«ያኔ አንተ ሸማኔ ነበርክ። ማንን እንደፈራሁ እንኳ አላውቅም። ደግሞ ከነገርኳችሁ አትወስዱትም ብዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አንተን እፈራለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው። ታደለ እጁን ከሽቦው አውጥቶ ሄደ።

ለጋሽ ቢራቱ ነገርኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፣ «ግን በምክንያት የነከሰ ውሻም ያበደ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ይሙላ።» ልክ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ፍርሃት ይዤ ከረምኩ። አንዱ ቡላ በአንዱ ጧት ለሀጩን እያዝረበረበ ይጠብቀኛል የሚል፣ ሌላው መኪና መጥቶ በራችን ላይ ይቆማል የሚል። ታደለ መምጣቱን አላቋረጠም፤ ይወጋል፣ ሳያናግረኝ ይሄዳል።

አሥረኛው ቀን ደረሰ። ዶክተር ምናሴ ቡላን አገላብጠው መረመሩት። በላ፣ ጠጣ፣ መነጽራቸውን ላሰ። ጤነኛ ነው አሉ፤ መርፌው ይቁም። የታደለ እናት ዘንድ ይህ ወሬ እስኪደርስ ቸኮልኩ። ያን ጊዜ ግን የጥበቃው ኃላፊ መጣ። ያበደም ይሁን ያላበደ፣ አብዮት ጥበቃ የነከሰ ውሻ አይኖርም፤ ይመታል አለ። ዶክተር ምናሴ ወለሉን አዩ። እኔም ወለሉን አየሁ።

ታደለ ከአባቱ ጋር የገባው በዚህ መሃል ነው። አሮጌ ሹራብ ለብሷል። ኃላፊውን ሰላም አለና፣ «ጓድ፣ የተነከስኩት እኔ ነኝ፣ ውሻውም የኔ ነው። ሥራዬን እሠራለሁ፤ ውሻዬን ተወኝ» አለው። ኃላፊው ፊቱን ሲያጠቁር አቶ አንጁሎ በዚያ ዝግ ባለ አነጋገራቸው፣ «ልጄ አብሮህ ያድራል፣ አብሮህ ይውላል። አንድ ነገር ነው የለመነህ» አሉት። ኃላፊው ታደለን ለረጅም ጊዜ አየው። «ሌላ ሰው ቢነክስ ተጠያቂው አንተ ነህ» ብሎ ወጣ።

ታደለ ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቱ ተቀይሮ ይጻፍልኝ» አለ።

ጋሽ ቢራቱ ከኋላዬ ሆነው፣ «ጻፊው» አሉኝ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ጻፍኩ። ካኪ የለበሰና ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያይ ይናከሳል። ምክንያቱ፣ በሰደፍ ተመቷል። የቀኝ ጎኑን መነካት አይወድም። ሌላውን ሰው ሁሉ ይወዳል። ዶክተር ምናሴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ካኪ የሚለውን... እ... ማለቴ ቡናማ ልብስ ብንለውስ?» አሉ።

ጋሽ ቢራቱ፣ «ዶክተር፣ ውሻው ቡናማ አያውቅም» አሉ። «የሚያውቀው ካኪ ነው።»

ዶክተሩ ማኅተሙን በትንፋሻቸው እፍ፣ እፍ አሉና መቱት። ፈሪ ናቸው ማለቴን አልረሳሁም። ያን ማኅተም ግን መቱት። ታደለን አግዳሚው ላይ አስቀመጥነው፣ አነበብኩለት፣ አንድ ሳያስቀር መልሶ ነገረኝ። ገመዱን ተቀበለ።

በማግስቱ ዶክተር ምናሴ አንዲት ገጽ አስጽፈውኝ በሩ ላይ ለጠፉ። ከዚህ ክፍል የሚወጣ ማንኛውም ውሻ የሚታወቅበት ነገር ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ ለተረካቢው በጽሑፍና በቃል ይነገረዋል፤ ተረካቢውም መልሶ ይናገራል። እኛ ዘንድ ሕጉ ይኼ ነበር። ቅጣት አልነበረውም። ጋሽ ቢራቱ ጡረታ እስኪወጡ በእሳቸው ድምፅ፣ ከዚያ እኔ እስክወጣ በእኔ ድምፅ ይነበብ ነበር። በጋሽ ቢራቱ ስንብት ቀን ቡና ቤት ሄደን ስንጫወት፣ «ከሁሉም የከበደሽ ውሻ የቱ ነው?» ብለው ቀለዱብኝ። ያውቃሉ እኮ።

ቡላ ከሄደ ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ወይዘሮ አማረች ማቆያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ምን ነካቸው ብዬ ደነገጥኩ። «ምንም፣ ደህና ነን» አሉኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እጄን ያዙኝ።

«ታደለ በየቀኑ መጀመሪያ አባቱ ሸማ ቤት ይገባል» አሉኝ። «ካኪውን እዚያ ያወልቃል። ጠመንጃውን አባቱ ይቀበሉታል። ከዚያ ያንን አሮጌ ሹራቡን ለብሶ ነው ወደ ቤት የሚመጣው። ጓደኞቹ ለውሻ ብሎ ይራቆታል እያሉ ይስቁበታል።» መሬቱን በእግራቸው ጣት ጫር ጫር አደረጉ። «የጎረቤቶቼ ልጆች በዚያ ልብስ ምሳ ይቀመጣሉ። እናቶቻቸው ከገዛ ልጃቸው ጋር ሲያወሩ ቃላቸውን ይመርጣሉ። እኔ ቤት ያ ጠመንጃ አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም። ልጄ ልጄ ሆኖ ነው የሚገባልኝ። የውሻው ሥራ ነው።»

 ነገርኳቸው። እያወቅኩ መደበቄን፣ በኋላ ለታደለ መናገሬን፣ ሁሉንም። ልጁ ለካ ለእናቱ አልነገራቸውም ነበር። «ብነግራችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ ብዬ ነው፤ ውሻው ይሞታል ብዬ ነው» አልኳቸው።

ወይዘሮ አማረች አልተቆጡም። ግን እጃቸውን ከእጄ አወጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ታደለ እኮ ገና በሩን እንዳለፈ ወዶት ነበር» አሉኝ። «ብትነግሪን ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ካኪውን አውልቆ ይገባ ነበር።»